ድንጋይ የተሸከመው ሰው ተላልፎ ሲሰጥ

ባለፈው ክረምት መግቢያ ላይ፣ ደብረ ታቦር ለዳኞችና ለዐቃብያነ ሕግ የተዘጋጀ ሥልጠና ነበርና እንድገኝ ጠሩኝ። ጡረተኛ ሲጠራ ደስ ይለዋል። እኔም ደስ ብሎኝ ነጠላዬን አጥቤ ከንፋስ መውጫ በጠዋት ሚኒባስ ተሳፈርሁ። አሠልጣኙ ንግግሩ የሚጥም፣ ሱሪው እንኳ ያልተጨማደደ ጎልማሳ ነው። ግድግዳው ላይ አንድ ጽሑፍ አበራ። «የወንጀል ተጠርጣሪን ለሌላ አገር አሳልፎ የመስጠት ጥያቄ የቀረበለት ፍርድ ቤት፣ ሰውዬው ጥፋተኛ ይሁን አይሁን አይመለከተውም» ይላል። ሠልጣኙ ሁሉ አጎንብሶ ገለበጠ። እኔ እጄን አነሣሁ።

«እናታችን፣ ጥያቄ መጨረሻ ላይ ነው» አለኝ በትሕትና።

«ጥያቄ የለኝም» አልሁት። «የማይመለከተው ከሆነ ግን ለምን ፍርድ ቤት ይባላል? ፖስታ ቤት በሉትና ዕቃውን አሽጎ ይላክ።»

ሳቁ። አሮጊቷ ቀልደኛ ናት ብለው ነው መሰለኝ። አሠልጣኙም ፈገግ ብሎ ወደሚቀጥለው ጽሑፍ አለፈ። እኔ አልቀለድሁም። ደሜ ፈልቶ፣ ምሳውንም ሳልበላ ነው የተመለስሁት። ያን ቀን በቃል ያልጨረስሁትን በጽሑፍ ልጨርሰው ብዬ ነው ይህን የጀመርሁት።

ሥራ የጀመርሁት ስማዳ፣ ወገዳ ከተማ፣ የወረዳ ዳኛ ሆኜ ነው። መንገዱ መንገድ አልነበረም። መኪናው ጭቃ ሲይዘው ተሳፋሪው ወርዶ ይገፋል፤ ዳኛም ቢሆን ይገፋል። ባለጉዳዩ ችሎት ገብቶ እኔን ወንበሩ ላይ ሲያይ «ዳኛው የታሉ?» ብሎ ይጠይቅ ነበር። «እኔ ነኝ» ስለው ዞሮ ሌሎቹን ያያል፤ የሚያስተባብል ሰው የሚጠብቅ ይመስላል። ደመወዙ ከወር ወር አያደርስም ነበር፤ ስለ እሱ ከዚህ ሌላ አልናገርም።

ዳኝነትን ያስተማረኝ ትምህርት ቤት ሳይሆን ሰብሳቢያችን የነበሩት ዳኛ ወርቅነህ ናቸው። ቀጭን፣ ቁጡ፣ ጠዋት ጠዋት ችሎት ሳይገቡ ገበያውን አንዴ ዞረው የሚመጡ ሰው ነበሩ። «ምን ሊገዙ ነው?» ስላቸው «ሰው እንዴት እንደሚዋሽ ለማየት ነው» ይሉኛል። በቅሎ ሻጭና በቅሎ ገዥ ሲከራከሩ ቆሞ መስማት ከሕግ መጽሐፍ ይበልጣል ባይ ነበሩ። ምስክር ሲቀርብላቸው አይቸኩሉም። አስቀምጠው ስለ ዝናቡ፣ ስለ አዝመራው ይጠይቁታል። አንደበቱ ሲፈታ ሁልጊዜ አንድ የማይቀር ጥያቄ አላቸው። «ይኸን ቃል ሲነገር የሰማኸው የት ቦታ ነው? ማን ፊት ነው የተባለው?»

መጀመሪያ ላይ ለምን እንደሚደክሙ አልገባኝም ነበር። የገባኝ አንድ ገበሬ ወንድሙን በመግደል ተከሶ ሲቀርብ ነው። ሦስት ምስክሮች ተራ በተራ ገብተው፣ ተከሳሹ በአደባባይ «ወንድሜን የገደልሁት እኔ ነኝ» ሲል በጆሯችን ሰምተናል ብለው ማሉ። ዐቃቤ ሕጉ ከዚህ በላይ ምን ትፈልጋላችሁ በሚል ዓይን አየን። እኔም በልቤ ፈርጄ ጨርሻለሁ። ዳኛ ወርቅነህ መነጽራቸውን አውልቀው ምስክሩን «የት ነው ይህን ያለው?» አሉት።

«ለቅሶ ላይ ነው ጌታዬ።»

«ምን እያደረገ?»

«ደረቱን እየመታ። ሬሳው ሲወጣ።»

ችሎቱ ውስጥ የነበሩ እናቶች ሁሉ ከንፈራቸውን መጠጡ። በእኛ አገር ለቅሶ ላይ «እኔ ነኝ የገደልሁህ፣ እኔ ነኝ የበላሁህ» የማይል ወንድም የት አለ? ሐኪም ቤት ሳልወስድህ፣ ሳልደርስልህ ማለቱ ነው። ሌላው ማስረጃ ሲጣራ ሟቹ ከገደል ወድቆ መሞቱ ተረጋገጠ፤ ገበሬውም ወደ ቤቱ ሄደ። ዳኛ ወርቅነህ ያን ቀን ሲወጡ «ቃል ቦታ አለው። ቦታውን ያልጠየቀ ዳኛ ጆሮ እንጂ ጭንቅላት የለውም» አሉኝ። እኔ ፊቴ ቀላ፤ እሳቸው ሳያዩኝ አልቀሩም።

ከወገዳ ወደ እስቴ ተዛወርሁ። እዚያ ስሠራ ቆይቼ ባለቤቴ አዲስ አበባ ሲመደብ ዳኝነቱን ትቼ ተከተልሁት፤ አቅም ለሌላቸው ተከሳሾች በመንግሥት የሚመደብ ተከላካይ ጠበቃም ሆንሁ። ከወንበሩ ወርጄ ከወንበሩ ፊት ቆምሁ ማለት ነው። ነገሩ ከሥር ሲታይ ሌላ መልክ አለው። ዳኛ ሲያዛጋ ከላይ ሆነህ አይታይህም፤ ከታች ሆነህ ግን የደንበኛህ ዕድሜ በዚያ አፍ ውስጥ ሲገባ ታየዋለህ።

አሳልፎ የመስጠት ጉዳዮች ወደ እኔ የመጡት ሌላ የሚፈልጋቸው ስለጠፋ ነው። በእኔ ዘመን ዝርዝር ሕግ አልነበረንም፤ በወንጀል ሕጉ ያለችው አጭር አንቀጽና ከአንዳንድ አገሮች ጋር የተፈረመ ስምምነት ብቻ ነበር። ጠበቃው ሁሉ ይሸሻቸዋል። እኔ ግን ወደድኋቸው፤ ምክንያቱም ነገሩ ገበሬ የሚያውቀው ነገር ነው። ጎረቤትህ መጥቶ «በረትህ የገባው በሬ የእኔ ነውና ስጠኝ» ቢልህ ምን ታደርጋለህ? አላውቅህም ብለህ አታባርረውም፤ ጎትተህም አትሰጠውም። ምልክቱ ምንድን ነው ትለዋለህ። በእርግጥ ያንተ ነው? ወስደህስ ምን ልታደርገው ነው? ፍርድ ቤትም የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። የተያዘው ሰው የተፈለገው ሰው ነው ወይ? አደረገ የተባለው ነገር በእነሱም በእኛም አገር ወንጀል ነው ወይ? ዜጋችን ነው ወይ? ዜጋችን ከሆነ አይሰጥም፤ እዚሁ ይዳኛል። ጥያቄው የፖለቲካ ቂም ነው ወይ? ቢሰጥ ይገደላል፣ ይገረፋል ወይ? ከሁሉም በላይ ደግሞ ለክስ የሚያበቃ፣ ሰው የሚያስር ፍሬ ያለው ማስረጃ አለ ወይ?

አንድ ጊዜ አንድ የሩቅ አገር መንግሥት፣ አገራችን ተሸሽጎ የኖረ ዜጋውን በማጭበርበር ስለምፈልገው ስጡኝ አለ። ወረቀቱ ሲገለጥ ማጭበርበር የተባለው ሰውዬው ባለሥልጣኑን በስልክ መልእክት መስደቡ ሆኖ ተገኘ። ችሎቱ አይሰጥም አለ። ያን ቀን ዳኞቹን ተነሥቼ ልስማቸው ምንም አልቀረኝም። ፍርድ ቤት ሲፈልግ ወረቀቱን ገልጦ ከሥሩ ያለውን ማየት እንደሚችል በዓይኔ ያየሁት ያኔ ነው። ስለዚህ የኋለኛውን ጉዳይ «አንችልም ነበር» ብሎ የሚያጽናናኝ ሰው አይምጣብኝ።

የኋለኛው ጉዳይ የታከለ ነው።

ታከለ የስማዳ ልጅ ነው። ገና በጉርምስናው ድንበር ተሻግሮ ጎረቤት አገር ወረደ፤ የሰሊጥ እርሻ ላይ አረም ነቃይ ሆኖ ጀምሮ ትራክተር ነጂ ሆነ። እዚያ አገር ትራክተር ለመንዳት ፈቃድ፣ ለፈቃዱ ደግሞ የዜግነት ወረቀት ይጠየቃል። አሠሪው ፈርም አለው፤ ፈረመ። እሱ ወረቀት ወሰድሁ እንጂ አገር ለወጥሁ አላለም። ሚስቱን ያገባው ስማዳ፣ ልጁን ክርስትና ያስነሣው ስማዳ ነው። ሕጋችን ግን የሌላ አገር ዜግነት ጠይቆ የወሰደ ኢትዮጵያዊነቱን እንደተወ ይቆጠራል ይላል። ዜጋችን ነው ብዬ የተከራከርሁት በዚያች ፊርማ ወደቀ። አንድ ሰው በማያነበው ቋንቋ የፈረመው ነገር ከእናቱ ማሕፀን ሊበልጥ እንደሚችል ያን ቀን ተማርሁ። በዚህ እንኳ ብናደድም ሕጉ ሕግ ነውና ተቀበልሁት።

ወንጀሉ እንዲህ ነው። በእርሻው ሰፈር፣ አንድ ምሽት፣ በውሃ በርሜል ወረፋ ተጣልተው የስማዳና የእስቴ ሠራተኞች በዱላ ተደባደቡ። ባየ የሚባል የእስቴ ልጅ ሞተ። የማን ዱላ እንዳገኘው በጨለማው ማንም አላየም። የእስቴዎቹ ግን ደማችን ስማዳ ላይ ነው አሉ። ወሬው ወደ አገር ቤት ሲደርስ የታከለ ወንድሞችና የአጎቱ ልጆች ወገዳ ገበያ መውጣት አቆሙ። ዘር ሳይዘራ፣ ማሳ ሳይታረስ ከረመ። ከሟቹ ወገን ደግሞ የአባቱ የወንድም ልጆች ዱላ ይዘው መንገድ መጠበቅ ጀመሩ።

ሽማግሌዎች ገቡ። ነገሩን የያዙት ቤተ ልሔም ድጓ ተምረው የመጡት ቄሰ ገበዝ ኅሩይ ነበሩ። እርቁ ግን አንድ ነገር ጎደለው። ደም እንዲደርቅ «እጄ ነው» የሚል ሰው መውጣት አለበት። ጸጉሩን ተላጭቶ፣ ባዶ እግሩን፣ ድንጋይ ማጅራቱ ላይ ተሸክሞ ከሟቹ አባት እግር ሥር ይወድቃል። አባትየው ድንጋዩን ካወረደለት ደሙ ደረቀ ማለት ነው። ባለቤት የሌለው ደም አይታረቅም። የስማዳ ወገኖች ተያዩ፤ ያደረገው ቢኖርም አልወጣም።

ታከለ ያን ሰሞን ወደ አገሩ ተመልሶ ነበር። ከቤቱ ታላቅ እሱ ነው። ተላጭቶ ድንጋዩን ተሸከመ። «እጄ ነው» አለ።

አለመሆኑን ደግሞ ከማንም በላይ የሚያውቁት የሟቹ አባት አቶ ንጋቱ ነበሩ። ያን ምሽት፣ ጸቡ ሳይነሣ፣ የእሳቸው ሌላ ልጅ ጌትነት በወባ ራሱን ስቶ ወድቆ፣ ታከለ በትራክተሩ ጭኖ ከሰፈሩ ርቆ ወዳለው ከተማ ክሊኒክ ወስዶታል፤ ሲነጋም አጠገቡ ነበር። ጌትነት ድኖ ይህን ለአባቱ ነግሯቸዋል። ጌትነት ግን ከዚያ በኋላ ተመልሶ ወደዚያው አገር ወርዷል፤ የት እንዳለም አይታወቅም። ታከለ ራሱም እርቁ በተፈጸመበት ወንዝ ዳር፣ ከመውደቁ በፊት፣ ቄሰ ገበዙ እየሰሙ፣ ለአቶ ንጋቱ «አባቴ፣ እንዳልነበርሁ ያውቃሉ። ግን ልሸከመው፤ ልጆቹ ይረሱ» ብሏቸዋል። አቶ ንጋቱ አልቅሰው ድንጋዩን አወረዱለት። ቄሰ ገበዙ መስቀላቸውን አንሥተው ግዝት ጣሉ፤ «ይህን ደም ዳግመኛ ያነሣ፣ ያወራ፣ የተወገዘ ይሁን።» ሁለቱ ወገን አንድ ማዕድ በልቶ ተለያየ። ገበያው ተከፈተ፤ ማሳው ታረሰ።

ከዚያ ከጎረቤት አገር አሳልፋችሁ ስጡኝ የሚለው ጥያቄ መጣ፤ ታከለም ተይዞ አዲስ አበባ ገባ። ከእርቁ በኋላ ወደ እርሻው የተመለሱ ሠራተኞች ለዚያ አገር ፖሊስ «ታከለ እጄ ነው ብሎ ሕዝብ ፊት ተናዟል» ብለው ቃል ሰጥተው ነበር። ማስረጃው ያ ብቻ ነው። ዱላ ያየ የለም፤ ደም ያየ የለም። ሰው የሚያሳልፍ ክምር ወረቀት፣ ገልጠህ ገልጠህ ከሥሩ የምታገኘው አንድ ወንዝ ዳር የተባለ አንድ ቃል ነው።

ዶሴው እጄ ሲገባ መጀመሪያ ሳቅሁ። ዳኛ ወርቅነህ ቢኖሩ ኖሮ ሻያቸውን ሳይጨርሱ የሚዘጉት ጉዳይ ነው ብዬ ነበር። ታከለን ማረፊያ ቤት ሄጄ አነጋገርሁት። ቁመቱ ዘለግ ያለ፣ ሲናገር መሬት መሬት የሚያይ ሰው ነው። «ለምን እውነቱን ለፖሊስ አልነገርኻቸውም?» አልሁት።

«ግዝት አለብኝ እኮ። እሜቴ፣ እኔ እዚህ ሆኜ እጄ አይደለም ብል ስማዳ ላይ ምን እንደሚሆን ያውቃሉ አይደል? ለእርስዎም የነገርሁዎ ጠበቃ ከነፍስ አባት እኩል ነው ስላሉኝ ነው።»

ፈቃድ ወስጄ፣ በራሴ ወጪ ስማዳ ወረድሁ። ቄሰ ገበዝ ኅሩይን ከቅዳሴ ሲወጡ ጠብቄ አገኘኋቸው። ጥላቸውን ዘግተው ግንቡ ጥግ ተቀመጡ፤ እኔም ዝቅ ብዬ ተቀመጥሁ።

«ቄሰ ገበዝ፣ ታከለ እንዳልገደለ እርስዎ ያውቃሉ» አልኋቸው።

«አውቃለሁ።»

«እንግዲያ ችሎት ቀርበው ይመስክሩልኝ። የተባለው ለእርቅ መሆኑን ብቻ።»

«ልጄ፣ ግዝቱን የጣልሁት እኔው ነኝ፤ በዚሁ አፌ። አሁን እኔው ሄጄ ታከለ አይደለም ብል፣ እንግዲያ ማን ነው ይባላል። ደሙ ባለቤት አጣ ማለት አይደለም ወይ? የእስቴ ልጆች ዱላቸውን ገና ከግድግዳ አላወረዱትም። አንድ ሰው ላድን ብዬ ስንቱን ላስፈጅ?»

«ታዲያ እሱ በሰው አገር እስር ቤት ይበስብስ?»

ቆጣ አሉ። «እሱ አውቆ ነው የተሸከመው። እንዳይበሰብስ ማድረግ የእናንተ ፈንታ ነው። እርቅ ምን እንደሆነ የማያውቅ ዳኛ ነው እንዴ ያስቀመጣችሁት? አገሩ የት ነው የሱ?»

መስቀላቸውን ተሳልሜ ተነሣሁ። ግዝቱን በሞኝነት የጠበቁ መስሏችሁ የምትናደዱባቸው ካላችሁ ተሳስታችኋል፤ እሳቸው የያዙትን ሰላም ማንም ችሎት አምጥቶላቸው አያውቅም። ወደ እስቴ ዘልቄ የሆነውን ለአቶ ንጋቱ ነገርኋቸው። አጭር፣ ትከሻቸው የሰፋ ሽማግሌ ናቸው። ሰምተው በሬዎቻቸውን ሊያስገቡ ተነሡ። ስለዚህ በቀጠሮው ቀን አዲስ አበባ፣ ከችሎቱ በር ላይ፣ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ዱላቸውን ጥበቃው ስለተቀበላቸው እጃቸው የት እንደሚገባ ጠፍቶባቸው ቆመው ሳያቸው ዓይኔን አላመንሁም።

«ግዝቱስ?» አልኋቸው።

«የእኔ ነፍስ ነው የሚጠየቅበት። ይጠየቅ» አሉ።

የትኛው ችሎት እንደሆነ፣ ዳኞቹም እነማን እንደነበሩ አልጽፍም፤ ስማቸው ለዚህ አይበቃም። ታከለ በፖሊስ ታጅቦ ተቀምጧል። አቶ ንጋቱን ሲያይ ከመቀመጫው ተነሣ፤ ፖሊሱ ትከሻውን ተጭኖ መለሰው። «አባቴ፣ ምነው? ለእኔ ብለው ይገዘታሉ?» አለ። አቶ ንጋቱ መጽሐፉን ይዘው ማሉ፤ ስማቸውን፣ አገራቸውን ተናገሩ።

«ተጠርጣሪውን ያውቁታል?» ብዬ ጀመርሁ።

«አውቀዋለሁ። የሞተው የእኔ ልጅ ነው። ይኸ ልጅ ግን አልገደለም፤ ያን ማታ—»

የመሐል ዳኛው እጁን አነሣ። «ምስክር፣ ያቁሙ። ወይዘሮ ጠበቃ፣ ገድሏል አልገደለም የሚለው የዚህ ችሎት ጉዳይ አይደለም። የመከላከያ ማስረጃ የሚሰማው ጠያቂው አገር ፍርድ ቤት ነው።»

«ክቡር ፍርድ ቤት፣ መከላከያ አላሰማሁም» አልሁ። «የቀረበው ማስረጃ አንድ ቃል ብቻ ነው። ያ ቃል የት እንደተባለ፣ ማን ፊት እንደተባለ፣ ለምን እንደተባለ ነው ላስረዳ የምፈልገው። የእምነት ቃል ነው ወይስ የእርቅ ሥርዓት? ይህን ሳይለይ ማስረጃ አለ ሊባል አይችልም።»

«ቃሉ ተብሏል አልተባለም?»

«ተብሏል፤ ግን—»

«ይበቃል። ምስክሩ ይሰናበቱ። የተናገሩት ከመዝገቡ ይውጣ።»

አቶ ንጋቱ አልተንቀሳቀሱም። የችሎቱ አማርኛ አልገባቸውም መሰለኝ፣ ችሎት አስከባሪው መጥቶ ክንዳቸውን ሲይዝ ቀስ ብለው አስለቀቁትና ወደ ዳኞቹ ዞሩ። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም።

«ጌቶቼ፣ ሟቹ ልጄ ነው። ደሙ የእኔ ነው። እኔ አልጠየቅሁም፤ ታርቄያለሁ። ታዲያ የሚጠይቀው ማን ነው?»

የግራው ዳኛ ወረቀቱን ያገላብጣል፤ የቀኙ ሰዓቱን ያያል። እኔ ያን ጊዜ የተሰማኝን በጨዋ ቃል ልጽፈው ብሞክር ውሸት ይሆንብኛል። ብችል ኖሮ ሦስቱንም ከወንበራቸው አውርጄ ወንዙ ዳር አቁሜ፣ ድንጋዩን ላሸክማቸው ነበር። ሰውን ወደ ሞት አገር የምትልከው አንተ ሆነህ፣ ገደለ አልገደለ አይመለከተኝም ማለት ምን ዓይነት ንጽሕና ነው? በሬ እንኳ ሲሰጥ ምልክቱ ይጠየቃል። ጲላጦስም እኮ እጁን ሲታጠብ ቢያንስ ጠይቆ ነው።

ውሳኔው ተነበበ። የተያዘው ሰው የተፈለገው ሰው ነው። ሰው መግደል በሁለቱም አገር ወንጀል ነው። ዜጋችን አይደለም። ጠያቂው አገር የሞት ቅጣት እንደማይፈጽም ዋስትና ሰጥቷል። ማስረጃው ለጥያቄው በቂ ሆኖ ተገኝቷል። ስለዚህ ተላልፎ ይሰጥ። እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ሲሰማ ልክ ነው፤ አንድ ላይ ሲሆኑ ግን ግፍ ናቸው። ይግባኝ አልሁ፤ አያስቀርብም ተብሎ ተዘጋ። ታከለን ድንበር ላይ አስረከቡት። እዚያ ጉዳዩን የሰማው ፍርድ ቤትም «የአገርህ ፍርድ ቤት ማስረጃው በቂ ነው ብሎ ነው የላከህ» እንዳለው ከእስር ቤት በወጣ ሰው በኩል ሰማሁ። እኛ አይመለከተንም ያልነውን፣ እነሱ ኢትዮጵያ አጣርታዋለች አሉ። ሁለት አገር አንድን ሰው እንዲህ ተቀባብሎ፣ አንዱም ሳይጠይቀው፣ ዕድሜውን የሚጨርስ እስራት ፈረደበት። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። እኔ እስካሁን ሲጠራ አላየሁም።

ከዚያ በኋላ ሌላ የአሳልፎ መስጠት ጉዳይ አልያዝሁም። ጡረታ እስክወጣ የሌባና የዱላ ጉዳይ ስከራከር ቆየሁ፤ ወጥቼም ንፋስ መውጫ ተመለስሁ። ስለ ስማዳ ግን እጨነቅ ነበር። አቶ ንጋቱ በአደባባይ «አልገደለም» ብለዋልና ደሙ እንደገና ባለቤት አጥቷል፤ ቄሰ ገበዙ የፈሩት ደርሷል ብዬ። ማንን እንደምጠይቅ አላውቅም፤ መጠየቁንም ፈርቼ ነበር።

ባለፈው ሰኔ ለዘመድ ለቅሶ ወገዳ ወረድሁ። ስመለስ የታከለን ቤት ልጠይቅ ብዬ ከመንገድ ወጣሁ። ከቤቱ በታች ካለው ማሳ ላይ አንድ ሽማግሌ ጎንበስ ብሎ ጥማዱን ይነዳል። ቀረብ ስል አቶ ንጋቱ ናቸው። በሬዎቹ የእሳቸው፣ ሞፈሩ የእሳቸው፣ ማሳው የታከለ።

የታከለ ሚስት ከቤት ወጥታ የሆነውን ነገረችኝ። አዲስ አበባ ከሄዱበት ሲመለሱ አቶ ንጋቱ ቤተ ክርስቲያን ሳይገቡ ከደጀ ሰላሙ ውጭ ቆመው፣ ግዝቱን ማፍረሳቸውን ለቄሰ ገበዝ ኅሩይ ተናዘዙ። ቄሰ ገበዙም ቀኖና ሰጧቸው፤ ታከለ እስኪመለስ ድረስ ማሳውን እንዲያርሱ። ከእስቴ በሬዎቻቸውን እየነዱ ይመጣሉ፤ ዘር እስኪያልቅ እዚሁ ያድራሉ። የወንድሞቻቸው ልጆች መጀመሪያ ተቆጥተው ነበር። ነገር ግን የሟቹ አባት ራሱ የሚያርሰውን ማሳ ማን ደፍሮ በዱላ ይሻገራል? ከዚያ ወዲህ ዱላ የያዘ አልታየም። ሦስት የሕግ ምሩቃን ከወንበር ሆነው ያበላሹትን አንድ ቄስ በአንድ ቀኖና መልሰው ገጠሙት። ልደሰት ወይስ ልናደድ አላወቅሁም፤ ሁለቱንም ሆንሁ።

ወደ ማሳው ወረድሁ። አቶ ንጋቱ ሲያዩኝ በሬዎቹን አቁመው በጋቢያቸው ጫፍ ላባቸውን ጠረጉ። አርጅተዋል። ሰላምታ ተለዋወጥን፤ ስለ ዝናቡ አወራን።

«ቀኖናው እስከ መቼ ነው?» አልኋቸው።

«እስኪመጣ ነው ያሉኝ።»

የተፈረደበትን እኔም እሳቸውም እናውቃለን። ዝም ማለት ነበረብኝ፤ አላስቻለኝም። «አባቴ፣ ባይመጣስ?» አልሁ።

እርፉን ጨበጡ። ቀና ብለውም አላዩኝም።

«እሜቴ፣ እሱ ጌትነቴን ራሱን ስቶ ሲያገኘው ባይተርፍስ ብሎ አልጠየቀም» አሉና በሬዎቹን በስማቸው ጠርተው ወደ ትልማቸው ተመለሱ።